ኪሮስ አርማ ስትሠራ

ዳዊት ሲደውልልኝ የአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ላይ የመጨረሻዎቹን ፊደሎች እየጻፍኩ ነበር።

“ሞላ፣ የት ነህ?” አለኝ።

“ሥራ ላይ ነኝ። ምነው?”

ዳዊት ስልክ ላይ ወሬ የማያሳጥር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አሳጠረው።

“ኪሮስ ዐርፋለች። ትናንት፣ ወልድያ እኅቷ ቤት።”

ብሩሼን ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ ጥዬ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ወረድኩ፣ ከገበያው ደግሞ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ፣ ተመልሼ ወረድኩ። ሰቆጣ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ያን ቀን ያየኝ ሰው አህያ የጠፋበት ሳይመስለው አልቀረም። ታማ እንደነበር እንኳ አልሰማሁም ነበር። ሰው እንዳይሰማ ያደረገችው እሷው ራሷ መሆን አለባት። የታመመች ዕለት ሰው ሁሉ መጥቶ “አይዞሽ፣ ደህና ነሽ” ሊላት ነው፤ እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት ትበሳጫለች።

ኪሮስ ሴት ናት። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ፣ ስሟን ከታፔላችን ላይ አንብበው የሚመጡ ደንበኞች ሁልጊዜ “አቶ ኪሮስ የሉም?” ብለው ይጠይቁ ስለነበር ነው። እሷም ከወንበሯ ብድግ ብላ “አሉ፣ ምን ልታዘዝ?” ትላቸዋለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ስትሄድ ፈጣን ነበረች። እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታ ረስታው እርሳስ ስትፈልግ ትውላለች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጫፉ ላይ ነው፤ ሊነሳ የተዘጋጀ አውቶብስ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። አንድ ሥራ ይዛ እንደሆነ ደግሞ ጭራሽ አትቀመጥም። ከግድግዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግድግዳ ትመላለሳለች፤ ሱቄ ጠባብ ስለሆነች በመጣች ቁጥር እግሬን እሰበስብ ነበር።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የተወለደችው እዚሁ ሰቆጣ ነው፣ ያደገችው ግን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ነበር። እዚያም አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ የመለያ ወረቀትና የካርቶን ሥዕል በሚዘጋጅበት ክፍል ለዓመታት ሠርታለች። እናቷ ሲታመሙ ልታስታምም መጣች። እናቷ ሲያርፉ ትመለሳለች ስንል ቀረች። ለምን እንደቀረች ጠይቄያት፣ “እዚያ ሥራዬን የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር” አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

በዚያ ዘመን ሰቆጣ ውስጥ ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ተቀናቃኝ የሌለው ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን የአንድ ሆቴል ታፔላ ጨርሼ እንዲደርቅ በር ላይ አቁሜዋለሁ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፣ ቀና አደረገች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተመለሰች።

“ማነው የጻፈው?”

“እኔ ነኝ።”

“እጅህ ጥሩ ነው። ‘ሆ’ ግን ልትወድቅ ነው።”

“እንዴት ነው ፊደል የሚወድቅ?” አልኩ፣ እየተቆጣሁ።

ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ። “ከዚህ እየው። ዓይንህ መጀመሪያ የት ሄደ?”

አየሁ። ዓይኔ የሄደው ስሙ ላይ አይደለም፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ‘ሆ’ም ከዚያ ባዶ ቦታ አፋፍ ላይ የቆመች ትመስላለች። አልተሳሳተችም። ተናድጄ ወደ ሱቄ ገባሁ።

በማግስቱ የራሷን ሥራ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ለአንዲት ልብስ ሰፊ የሠራችው ምልክት ነበር፤ መርፌና ክር። ግድግዳዬ ላይ በሚስማር ሰቀለችውና “ዛሬ ተራው ያንተ ነው” አለችኝ። የትናንቱን ለመበቀል ያህል ያገኘሁትን ጉድለት ሁሉ ዘረዘርኩ። ክሩ ከመርፌው ወፍራም ነው፣ መርፌው ጦር ይመስላል፣ ሰው ከሩቅ ሲያየው የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ቤት ይመስለዋል አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ። “እሺ፣ ሌላስ?” አለች። ሌላ ባጣሁ ጊዜ ደግሞ ቅር ያላት መሰለችኝ። ሥዕሉን ነቅላ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ አስተካክላ ይዛ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ የሁለታችን ሆነ።

ሦስተኛችን መሪጌታ ሐዲስ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ፣ ጢማቸው ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ቀለም የማይጠፋ ሽማግሌ። ኽምጣኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ፤ ሲቆጡ ወደ ኽምጣኛው ያደላሉ። አራተኛው ዳዊት ነው። ከባሕር ዳር ለዞን መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሠራተኛ ሆኖ የመጣ፣ እኛን መጀመሪያ ላይ እንደ ጥንት ሰው ያየን የነበረ፣ ኋላ ግን ጄኔሬተሩ ሲበላሽበት ከእኛ ጋር መዋል የለመደ ልጅ። በገበያ ማግስት ሱቃችን ውስጥ እንሰበሰብና አንዳችን የሠራነውን ሌሎቻችን እንተቸዋለን። ይህን ያስጀመረችው ኪሮስ ናት፤ ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት። ሥዕሉ የተሰቀለለት ሰው አይናገርም። ዳዊት አንድ ጊዜ “እንዲህ ያደረግኩት እኮ...” ብሎ ሲጀምር አፉን በእጇ ከደነችው።

“ሥዕልህ ገበያ ላይ ብቻውን ነው የሚቆም። አንተ አጠገቡ ቆመህ ለአላፊ አግዳሚው አታስረዳለትም።”

ሌላው ደንብ “ጥሩ ነው” ማለት ክልክል ነው። “ጥሩ ነው ያለኝ ሰው ሊሄድ የቸኮለ ሰው ነው” ትላለች። ምኑ ጋ እንደቆምክ፣ ምኑ እንደጎረበጠህ፣ ምን እንደመሰለህ ነው የምትነግራት። መሪጌታ ብቻ ይህን ደንብ አልተቀበሉም ነበር። እሳቸው ለማንኛውም ሥዕል አንድ አስተያየት ነበራቸው፤ “ዓይን የለውም። ዓይን የሌለው ሥዕል ሰው አያይም።” የዱቄት ወፍጮ ማስታወቂያ ሠርቼ እንኳ “ዓይን ያስፈልገዋል” ብለውኛል።

አሁን ወደ ማሩ ልምጣ፤ ስለ ኪሮስ የማወራው ሁሉ መጨረሻው እሱ ነውና።

ባለማሮቹ የጋዝጊብላ ወረዳ ሴቶች ናቸው። ንብ ማነብ የወንድ ሥራ ነው በሚባልበት አገር ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ማራቸው ነጭ ነው፤ የዋግ ማር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነጋዴ ግን ከእነሱ ይገዛውና ከሌላ ማር ጋር ደባልቆ፣ የሌላ አገር ስም ሰጥቶ ይሸጠዋል። ባሕር ዳር ባዛር ሊኖር ነው፣ በራሳችን ዕቃ፣ በራሳችን ምልክት እንቅረብ አሉ። ሊቀ መንበሯ እትየ አልጋነሽ ሰቆጣ ድረስ መጥተው ሱቃችን ገቡ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም።

“ስማችንን ወሰዱብን” አሉ። “ማሩን ቢወስዱት እንኳ ንቧ ደግማ ትሠራለች። ስሙን ግን ማን ይሠራልናል?”

ኪሮስ ከዚህ ንግግር በኋላ ለቀናት ዐረፍ አላለችም። እኔ ሥራ ልሠራ ስቀመጥ እሷ ጀርባዬ ላይ ትመላለሳለች። በሲሚንቶ ወረቀት፣ በካርቶን፣ በበሩ ሳንቃ ላይ ሳይቀር ንብ ትሥላለች። የመጀመሪያውን ሥዕል እትየ አልጋነሽ ለሌላ ጉዳይ ከተማ ሲመጡ አሳየቻቸው። ወደ ብርሃኑ ወሰዱት፣ አራቁት፣ አቀረቡት።

“ይቺ ዝንብ ናት” አሉ።

እኔ ደነገጥኩ። ኪሮስ ግን ሳቀች። “የትኛው ነገሯ ነው ዝንብ ያስመሰላት?”

“እግሯ በዛ። ንብ ስታያት እግሯን አታይም፤ ሥራዋን ነው የምታይ።”

የንቧን እግር ቀነሰች፤ ንቧ አሁን ቡና ፍሬ መሰለች። ክንፉን አሰፋች፤ ዳዊት አውሮፕላን ነው አለ። መሪጌታ ዓይኑን እንድታጎላው ነገሯት፤ አጎላችውና ጭራቅ ሆነ። በዚህ መሐል ደግሞ ከዞኑ አንድ ባለሙያ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ነገር ግን ዋግን በሙሉ በአንድ አርማ ማስገባት ፈለገ። ተራራ ይኑር፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይኑር፣ የአበርገሌ ፍየል ይኑር፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ይኑሩ፣ ፀሐይ ስትወጣም ትታይ አለ። እኔ “ተዪው፣ አትስሚው” አልኳት። እሷ ግን አንድም ሳታስቀር ሁሉንም ሠራችለት። ያማረ ነበር፤ ትልቅ ወረቀት ላይ ሲታይ ምንጣፍ ይመስላል። ከዚያ ለዳዊት ሰጠችውና በማሩ ዕቃ አንገት ላይ እንደሚለጠፍ መለያ አሳንሶ እንዲያትመው አደረገች። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ተቀብሎ አየው፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

“ምን ይታይዎታል?” አለችው።

ወረቀቱን አዟዟረው። “ጥላሸት” አለ በመጨረሻ፤ ራሱም ሳቀ። ፍየሉ፣ ተራራው፣ እጆቹ፣ ሁሉም አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነዋል። ኪሮስ ልታዋርደው አልነበረም ያን ያደረገች። ከስብሰባው ስንወጣ “እኔም እኮ ሳላየው አላመንኩም ነበር፤ ምናልባት ይሆናል ብዬ ነበር” አለችኝ።

ከዚያ ያቺ ሥዕል መጣች። አንድ ጠዋት ሱቅ ስገባ ተሰቅላ አገኘኋት። ንቧ ክንፎቿን ከላይ ወደ ታች ዘርግታ ክንፎቿ ራሳቸው የአበባ ቅጠል ሆነዋል፤ ንብም ናት፣ አበባም ናት። ዓይን አንድ ቦታ ያርፋል፣ ከዚያም ይዞራል። በሩ ድረስ ርቄ አየኋት፤ የሚወድቅ ነገር የላትም። መሪጌታ እንኳ ስለ ዓይን ሳይናገሩ ቀሩ። ማኅበሩ ወደደው፤ ዞኑ ወደደው። ማተሚያ ቤት ሊላክ ተጠቀለለ። ኪሮስ ግን አልተደሰተችም። ትመላለሳለች። “ቶሎ መጣችልኝ” ትለኛለች ደጋግማ። “እጄ አልተቸገረም። ለምን አልተቸገረም?”

“አንዳንዴ እንዲህ ይመጣል” አልኳት።

ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ዳዊት ቤተሰብ ጥየቃ ከሄደበት ተመለሰ። ጥቅሉን ፈቶ አየው። ፊቱ ተለወጠ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“ኪሮስ፣ ይሄን ምልክት አይቼዋለሁ።”

“የት?”

“አዲስ አበባ የሚሠራ የማርማላታ ጠርሙስ ላይ። ከብዙ ጊዜ በፊት የነበረ ነው፣ እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን ነበር። ክንፉ እንዲህ ነው፤ አበባው እንዲህ ነው።”

የኪሮስ ፊት አመድ መሰለ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት ቆማ ያየኋት ያኔ ነው።

“እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት” አለች፣ ቀስ ብላ። “ያን መለያ። የሣለው ሌላ ሰው ነው፣ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ አለቃችን ነበሩ። እኔ መስመሩን በቀለም አጠናቀቅኩላቸው። በስንት ጊዜ... እጄ አስታውሶት ነው።”

እኔ አፌ እንዳመጣልኝ፣ “ማን ያውቃል? ማርማላታው ድሮ ቀርቷል። ባሕር ዳር ላይ ማን ያስታውሰዋል?” አልኩ።

ዘወር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ መቆጣቷ ይሻለኝ ነበር።

“ሴቶቹ ስማችንን ወሰዱብን ብለው ነው የመጡት ሞላ። እኔ የሌላ ሰው ምልክት ልለጥፍላቸው ነው?”

ሥዕሉን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። በማግስቱ ጠዋት በአይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ጋዝጊብላ ሄድን። ከወረዳው ከተማ ከአስከተማ ወዲያ በእግር ነው። ዳገቱ ላይ እኔ ሦስት ቃል ስናገር ትንፋሼ ሲቆራረጥ እሷ ከፊቴ ቀድማ እየሄደች፣ ሄዳ ቆማ እየጠበቀችኝ፣ ደግሞ እየሄደች ደረስን። ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር፤ የታተመውን ይዘን የመጣን መስሏቸዋል። አንዷ እልል ልትል ስትል ኪሮስ እጇን አነሳች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። አላለሳለሰችውም። “ምልክቱ የእኔ አልነበረም። የሌላ ሰው ነው። ሳላውቅ ሰርቄያለሁ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አለች። አንዷ ለሌላዋ በኽምጣኛ እየተረጎመች ወሬው ክፍሉን ዞረ። ከዚያ ጫጫታ ሆነ። አንዲት ወጣት ሴት ተነስታ፣ “ባዛሩ እኮ ደረሰ! ለማሩ ዕቃ ገዝተናል፣ ለሰው ነግረናል። አሁን ያለ ምልክት ሄደን ደግሞ ይሳቅብን?” አለች። ሌላዋ “እኛ ወደነው ነበር፣ ማን ከሰሰን?” አለች። ኪሮስ ቆማ ሰማች። ራሷን አልተከላከለችም። ሱቃችን ውስጥ ያወጣችው ደንብ እዚያም አብሯት መጥቷል መሰለኝ።

ጫጫታው ሲበርድ እትየ አልጋነሽ ተናገሩ።

“ማርማላታው የማን እንደሆነ አላውቅም” አሉ። “ያ ሰው ግን ሲያየው እንደኛ ይቃጠላል። ተዉ፣ ይቅር። አንቺ ልጅ፣ ሌላ ታመጪያለሽ?”

“እሞክራለሁ እትየ። መጀመሪያ ግን ቀፎዎቻችሁን ያሳዩኝ። እስከ ዛሬ ሳላይ ነው የሣልኩት።”

ቀፎዎቹ ከቤቱ ጀርባ፣ በድንጋይ ካቡ ላይ ተደርድረዋል። በሸምበቆ የተሠሩ፣ በእበትና በአመድ የተለሰኑ ረጃጅም ቀፎዎች ናቸው። ከፊት ለፊት ስታያቸው ክብ ናቸው፤ ከታች በኩል ንቦቹ የሚገቡባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ኪሮስ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደልደል ብላ ተቀመጠች፤ በጫፍ አይደለም። አንዷን ንብ በዓይኗ ተከትላ ስትገባ አየቻት፣ ሌላ ስትመጣ ጠበቀች። እኔ ንብ ስለምፈራ ራቅ ብዬ ነጠላ ተከናንቤ ቆሜያለሁ፤ ሴቶቹ በእኔ ሳቁ፤ ያ ሳቅ ትንሽ ቀለል አደረገልን።

ሰቆጣ ስንመለስ አንድ ክብ ሥላ ሰቀለች። ከታች ሦስት ቀዳዳ አለው። ሌላ ምንም የለም። ጊዜ ስላልነበረን የገበያ ማግስትን አልጠበቅንም፤ መሪጌታን ከሥራቸው፣ ዳዊትን ከመሥሪያ ቤቱ ጠራናቸው።

“የሸሚዝ ቁልፍ ነው” አለ ዳዊት ገና ከበሩ።

“ፊት ነው” አሉ መሪጌታ፣ “ዓይኑ ግን አገጩ ላይ ወርዷል።”

እኔ ደግሞ፣ “ክቡ በኮምፓስ የተሠራ ነው። እነዚያ ቀፎዎች በእጅ የተለሰኑ ናቸው፤ አንዳቸውም እንዲህ ልክ አይደሉም” አልኳት።

“እሺ። ሌላስ?” አለች፤ እየተመላለሰች።

ኮምፓሱን ወርውራ ክቡን በእጇ በወፍራም ብሩሽ ሣለችው፤ አንድ ቦታ ላይ የእጅ ዳበሳ የሚመስል እብጠት ወጣለት። ወዲያው ቁልፍነቱ ቀነሰ። ንብ ከሌለው ግን የማር እንደሆነ ማን ያውቃል? ከቀዳዳው አጠገብ ንብ ጨመረች። ያቺ ዝንብ ተመለሰች። አጠፋቻት፣ ደግማ ሣለቻት፤ አሁንም ዝንብ ናት። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳሳ። እርሳሱን ወለሉ ላይ ጣለችው፣ አነሳችው። “አልቻልኩም” አለች። እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

መሪጌታ ሰልችቷቸው ሊሄዱ ተነስተው ነበር። በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ።

“እንዲህ ካስቸገረችሽ ምን አለ ብታስገቢያት?” አሉ።

“ማንን?”

“ንቧን ነዋ። ቤቷ ነው፤ ትግባ።”

ኪሮስ ቆመች። ወደ ወረቀቱ ሄደች። ከሦስቱ ቀዳዳዎች አንዷ ላይ የንቧን ጀርባ ብቻ ሣለች፤ ጭንቅላቷና እግሯ ቀዳዳው ውስጥ ገብተዋል፤ የሚታየው መስመር መስመር ያለው ኋላዋና የታጠፈ ክንፏ ብቻ ነው። ዝንብ የሚያስመስላት ነገር ሁሉ ውስጥ ገባ። ሦስታችንም ወደ ወረቀቱ ተጠጋን።

“ተናገሩ እንጂ!” ብላ ጮኸች።

ዳዊት ወረቀቱን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጠ። ሲመለስ በጥፍር ልክ አሳንሶ አትሞታል፤ ይታያል። ከዚያ ሁላችንም ደፈርን። ዳዊት ቢጫ ይሁን አለ። እኔ ስሙ ክቡን ዞሮ ይጻፍ አልኩ። መሪጌታ ከሁለቱ ባዶ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ዓይን ቢገባበት ምን ይላል አሉ። ኪሮስ እያንዳንዳችንን ፊት ለፊት እያየች፣ “ሰምቼሃለሁ፤ አላደርገውም”፣ “ሰምቼዎታለሁ የኔታ፤ አላደርገውም” አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ኪሮስ የሰው አስተያየት የምትለምነው በራሷ ስለማትተማመን ይመስለኝ ነበር።

እትየ አልጋነሽ ሊያዩት ራሳቸው መጡ። ወረቀቱን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ኪሮስ ሹሩባዋ ውስጥ ያለውን እርሳስ ፍለጋ ጠረጴዛውን ታተራምሳለች።

“ይቺ ልትገባ ነው ወይስ ልትወጣ?” አሉ።

“እርስዎ ምን ይላሉ?”

ብዙ አዩት። “እየገባች ነው። ከሥራ መጥታ ነው። ደክሟታል።”

ኪሮስ ዓይኗን ጠረገች፣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች።

መለያው ለባዛሩ የደረሰው በመከራ ነው፤ ሴቶቹ ዕቃው ላይ የለጠፉት ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው። ማሩ ተሸጦ አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ሰው እየመጣ “ያ ንቧ የምትገባበት ማር” እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሴቶቹ ሰቆጣ ላይ የማር ሱቅ ሲከፍቱም ኪሮስ ክቡን ግድግዳው ላይ በትልቁ ሣለችው። ከመናኸሪያው ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር። እሷ ግን በዚያ ባለፈች ቁጥር ቆማ ታየዋለች። “ሦስተኛዋ ቀዳዳ ለሁለተኛዋ በጣም ቀርባለች” ትለኛለች። “ቅዳሜ መጥቼ ላስተካክላት?”

“ተያት ኪሮስ፣ አልቋል።”

“ምን አልቋል? ሰው እያየው አይደለም እንዴ?”

ዓመታት አለፉ። ወደ ሁለት ሺዎቹ ስንገባ እዚሁ ዋግ ያሉ የዝቋላና የሌሎች ወረዳዎች ማኅበራት ከጋዝጊብላው ጋር ተዋህደው ዩኒየን ሆኑ። አዲስ ምልክት ያስፈልጋል ተባለ፤ የድሮው የአንድ ማኅበር ብቻ ነው። ባሕር ዳር የተማረች ሰላማዊት የምትባል ወጣት ሥራውን ወሰደች። ዩኒየኑ ኪሮስን አስተያየት እንድትሰጥ ጠየቃት። የራሷን ሥራ የሚሽር ሥራ ላይ! እኔ ደሜ ፈላ። እንዳትሄጂ ብዬ መከርኳት።

“ለምን አልሄድም?” አለች፤ ከልቧ ገርሟት።

ሰላማዊት ሥዕሎቿን ይዛ እየፈራች ነበር የመጣችው። ኪሮስ ግድግዳችን ላይ ሰቀለችላትና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከእሷ ጋር ዋለች። ይህ መስመር ሲያንስ ይጠፋል፤ ይህ ፊደል ከዚህኛው ጋር ተጣልቷል፤ እዚህ ጋ ዓይኔ መውጫ አጣ። ልጅቱ መጀመሪያ ላይ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ራሷ እየተነሳች ትመላለስ ጀመር፤ አንዱን እያነሳች “ይሄስ? ይሄስ?” ትላታለች። ሲመሽ የተሠራው ምልክት መጀመሪያ ከመጣው በብዙ የተሻለ ነበር። እኔ ማዕዘኔ ውስጥ ሆኜ ጉድለት ፈልጌ አጣሁለት።

አዲሱ አርማ በጸደቀ በሳምንቱ የማር ሱቁ ግድግዳ ላይ ያለው እንዲቀየር ተባለ። ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ አልሠራም አልኩ። ሊቀየር በተባለበት ዕለት ጠዋት ግን ኪሮስን ነጭ ቀለም በጥብጣ፣ ሰፊውን ብሩሽ ይዛ፣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አገኘኋት። ክቡ ከላይ ነው፤ ንቧ አሁንም እየገባች ነው።

“ኪሮስ፣ በገዛ እጅሽ? ሌላ ሰው ይሥራው።”

“ሌላ ሰው ከሠራው ከሥር ያለው መስመር ያስታውቃል። የልጅቱን ሥራ ያበላሸዋል።” አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አድርጋ ዘወር አለችና አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። “ዝም ብለህ ቆመህ አታየኝ ሞላ። ና፣ ያዝልኝ።”

መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከታች ወደ ላይ ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን፣ ከዚያ ንቧን። ነጭ ቀለም ክንዴ ላይ እየተንጠባጠበ ሲደርቅ ተሰማኝ። ክቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አልለቀቅኩትም።